የብራየር ፒፓን በእጅ መሥራት፦ ከእንጨቱ ምርጫ እስከ መጨረሻው ሰም

ፒፓን ከውጭ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በራሱ (ትምባሆ በሚይዘው ወፍራም ክፍሉ) ክብነት፣ በእንጨቱ ቃጫና በቀለሙ ላይ ነው። የሚያጨስበት ሰው ግን ውሎ አድሮ የሚያመሰግነው ወይም የሚያማርረው በማይታዩት ሦስት ቀዳዳዎች ነው፦ ትምባሆው በሚነድበት ጉድጓድ፣ ጭሱ በሚያልፍበት ቀጭን መተላለፊያ እና የመምጠጫው (በአፍ የሚያዘው ክፍል) ምላስ፣ ማለትም ቀጭን ጫፉ፣ በሚሰካበት ማስገቢያ። ሦስቱ በትክክል ከተገናኙ መልከ ጥፉ ፒፓም ቢሆን ደረቅና ለስላሳ ጭስ ይሰጣል፤ ካልተገናኙ ግን የቱንም ያህል ያማረ እንጨት በየመሳቡ ከሚንቦጫረቅ መራራ ውሃ አያድንም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ሥራውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይከተላል፤ መጀመሪያ ቀዳዳዎቹ ይሰላሉ፣ ከዚያ ይበሳሉ፣ ቅርጹም በእነርሱ ዙሪያ ይወጣል።

የምንሠራው ቢሊያርድ የሚባለውን ቀጥ ያለ ፒፓ ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ቢሊያርድን ንቆ ጎበጥ ወዳለውና ወደ ተጠማዘዘው ቅርጽ ይሮጣል፤ በእኔ አስተያየት ግን እጅን የሚያስተምረው ይህ ቅርጽ ነው፣ ምክንያቱም ቀጥተኛ መስመርና ክብ ራስ ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሚሊሜትር ስህተት እንኳ የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ለሥራው በማቆሚያ ላይ የተተከለ ትራፓኖ (መብሻ)፣ ሞርሳ (እንጨቱን ጨብጦ የሚይዝ)፣ መጋዝ፣ ራስፓ (ጥርሳም የእንጨት ሞረድ)፣ ደቃቅና ሻካራ ሞረዶች፣ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ)፣ ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ)፣ ከ120 እስከ 2000 ቁጥር ያለው የብርጭቆ ወረቀት እና በሞተር የሚዞር የጨርቅ ማወልወያ ያስፈልጋል። ቶርኖ ያለው ሰው ሥራው ይፈጥንለታል እንጂ የግድ አይደለም። የብራየሩ እንጨትም ሆነ የመምጠጫው ብናኝ ለሳንባ ጎጂ በመሆኑ ደህና ማስክ ሳያደርጉ አንድም ነገር መሞረድ አይገባም።

እንጨቱ

ብራየር የሚገኘው ኤሪካ አርቦሪያ ከተባለው ተክል ነው። ተክሉ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ በስሜንና በባሌ ተራሮች ከፍታ ላይ የሚበቅለው አስታ ያው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ በስሜንና በባሌ ያለው አስታ በብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ የሚገኝ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ብሎ መቁረጥ የሚታሰብ አይደለም፤ የፒፓ ሠሪዎች እንጨትም ከጥንት ጀምሮ የሚመጣው ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ነው፤ ከጣሊያን ካላብሪያ፣ ቱስካኒና ሰርዲኒያ፣ ከፈረንሳይዋ ኮርሲካ፣ ከግሪክ፣ ከስፔን፣ ከአልጄሪያና ከሞሮኮ። በጁራ ተራሮች ሥር ያለችው የፈረንሳይ ከተማ ሴን ክሎድ ከ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን እንጨት ወደ ፒፓ እየቀየረች ስሟን ገንብታለች።

ለፒፓ የሚውለው የተክሉ ግንድ ሳይሆን በግንዱና በሥሩ መካከል ከመሬት ሥር የሚያብጠው ጉጥ ነው። አገሩ በየጊዜው ሰደድ እሳት የሚጎበኘው በመሆኑ ተክሉ ከላይ ቢቃጠልም እንደገና የሚያቆጠቁጥበትን ውሃና ምግብ በዚህ ጉጥ ውስጥ ያከማቻል። ቃጫው ጥቅጥቅ ያለ፣ ክብደት ያለውና ሙቀትን የሚችል የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ጉጡ ለመቆረጥ የሚበቃው ከ30 ዓመት በላይ ካደገ በኋላ ነው። ከተቆፈረ በኋላ እንዳይሰነጠቅ እርጥበቱ ተጠብቆ ይቀመጣል፤ ከዚያም በክብ መጋዝ እየተቆረጠ በትልቅ የመዳብ ጋን ውስጥ 12 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቀቀላል። መቀቀሉ በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ታኒን የተባለ መራራ ንጥረ ነገርና ሙጫ ያወጣል፤ ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያዎቹ ማጨሻዎች በምሬታቸው አይቻሉም። ከዚያ በኋላ እንጨቱ በጥላ ቀስ ብሎ ለወራት፣ በጥሩ ነጋዴ ዘንድም ለዓመትና ለሁለት ዓመት ይደርቃል።

ገበያ ላይ እንጨቱ በሁለት ዓይነት ይቀርባል። ኤቦሾን የሚባለው ከጉጡ ውስጠኛ ክፍል የተቆረጠ፣ አራት ማዕዘን ያለውና ዋጋው ቀለል ያለ ነው። ፕላቶ የሚባለው ደግሞ ከጉጡ የውጭ ክፍል የተወሰደና የጉጡን ሻካራ ቆዳ በአንድ ጎኑ እንደያዘ የሚሸጥ ሲሆን፣ ቃጫው ከጉጡ መሐል ወደ ቆዳው እንደ ጨረር ስለሚዘረጋ በትክክል ከተቀመጠ በራሱ ጎን ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ በአፉና በታቹ ደግሞ የወፍ ዓይን የሚባሉ ደቃቅ ክቦች ይወጡበታል። ለመጀመሪያ ሥራ ኤቦሾን ይበቃል። ርዝመቱ ቢያንስ 90፣ ቁመቱ 55፣ ውፍረቱ 42 ሚሜ የሆነ ይምረጡ። እንደ መጠኑ ቀለል የሚል እንጨት ይሻላል፤ ያልደረቀ ወይም በአንድ ቦታ ድንጋይ የመሰለ ክፍል ያለው በእጅ ሲመዘን ያስታውቃል። ሲገዙም ሁሉንም ጎኖቹን በአልኮል ወይም በውሃ እርሰው ይመልከቱ፤ ደረቅ እንጨት ላይ የማይታይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ እርጥበቱ ሲደርቅ ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል፣ ምክንያቱም ስንጥቁ ውስጥ የገባው ፈሳሽ ከላይኛው ገጽ ዘግይቶ ነው የሚደርቀው። ደቃቅ የአሸዋ ቀዳዳዎች፣ ማለትም በእንጨቱ ውስጥ በተፈጥሮ ያሉ ትንንሽ ጉድጓዶች፣ ግን በሁሉም ብራየር ላይ ያሉ ናቸው፤ እነርሱን ፈርቶ እንጨት የሚጥል ሰው መቼም ሥራ አይጀምርም።

መጠኑን ማውጣት

እርሳስ ከመያዝዎ በፊት የሚከተሉትን ቁጥሮችና በመካከላቸው ያለውን ዝምድና ይረዱ። ጉድጓዱ 20 ሚሜ ስፋትና 38 ሚሜ ጥልቀት ይኖረዋል፤ ወለሉም ግማሽ ክብ ነው። የጭስ መተላለፊያው ስፋት 4 ሚሜ ሲሆን፣ የታችኛው ጠርዙ ከጉድጓዱ ወለል ጋር በትክክል መገናኘት አለበት። ይህ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። መተላለፊያው ከወለሉ በላይ ከወጣ ከሥሩ የሚቀረው ትምባሆ አይነድም፤ እርጥበት ይዞ ይቀመጥና ፒፓው ይሸታል። ከወለሉ በታች ከወረደ ደግሞ ጉድጓዱ ሥር ቦይ ይፈጠርና አመድና ውሃ ይሰበስባል። ስለዚህ የመተላለፊያው መሐል ከወለሉ 2 ሚሜ ከፍ ብሎ፣ ከላይኛው አፍ ሲለካ 36 ሚሜ ላይ ይሆናል ማለት ነው።

ከወለሉ በታች 9 ሚሜ እንጨት ሲተው የራሱ ጠቅላላ ቁመት 47 ሚሜ ይመጣል። የግድግዳው ውፍረት በሆዱ 8 ሚሜ፣ ወደ አፉ ሲጠብ 6.5 ሚሜ ቢሆን ራሱ በሆዱ 36፣ በአፉ 33 ሚሜ ይሆናል። ግድግዳው ከ6 ሚሜ በታች ከሳሳ እጅ ያቃጥላል፤ ውሎ አድሮም እንጨቱ ራሱ ሊነድ ይችላል። አንገቱ (ከራሱ ወጥቶ መምጠጫውን የሚይዘው ክፍል) 16 ሚሜ ስፋት ሲኖረው የምላሱ ማስገቢያ 8 ሚሜ ስለሆነ ዙሪያውን 4 ሚሜ ግድግዳ ይተርፋል፤ ከዚህ ያነሰ አንገት በቀላሉ ይሰነጠቃል። በቢሊያርድ የአንገቱ ርዝመት ከራሱ ቁመት ጋር ተቀራራቢ እንዲሆን ይፈለጋል፤ እኛ 45 ሚሜ እንወስዳለን። የአንገቱ ፊት ከጉድጓዱ መሐል ያለው ርቀት እንግዲህ 45 እና የራሱ ግማሽ የሆነው 18 ተደምሮ 63 ሚሜ ነው። ይህን ቁጥር ይያዙት፣ ለመብሻው ያስፈልጋል።

አሁን የእንጨቱን ቃጫ ይመልከቱና ንድፉን ያስቀምጡ። በኤቦሾን ላይ ረጃጅሞቹ የቃጫ መስመሮች ከታች ወደ ላይ፣ ማለትም በራሱ ቁመት ልክ እንዲሮጡ ቢደረግ መልኩ ያምራል። የኮፐንሃገኑ ሲክስተን ኢቫርሰንና እርሱን ተከትለው የመጡት የዴንማርክ ሠሪዎች በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ ከፍተዋል፤ ቃጫው ወደሚመራቸው ቅርጽ መጀመሪያ እንጨቱን እየቀረጹ ከዚያ በኋላ ይበሱታል። ውጤቱ አስደናቂ ነው፤ ነገር ግን ክብ የሆነን ነገር በሞርሳ ይዞ በትክክለኛ ማዕዘን መብሳት የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። እኛ ካሬ በሆነው እንጨት ላይ እንበሳለን።

መብሳት

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በሁለት ፊቶች ነው፦ ጉድጓዱ በሚበሳበት የላይኛው ፊትና ምላሱ በሚገባበት የአንገቱ ፊት። 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ወፍራም መስታወት ላይ ይለጥፉና ሁለቱን ፊቶች እየፈተጉ ያስተካክሉ፤ በየጊዜውም ስኳድራ አስጠግተው ወደ ብርሃን ይያዙት። በስኳድራውና በእንጨቱ መካከል ብርሃን ካልታየ ፊቶቹ 90 ዲግሪ ናቸው። ሁለቱን ጎኖችም እንዲሁ ያድርጉ፤ ሞርሳ የሚይዘው እነርሱን ስለሆነ ያጋደለ ጎን ያጋደለ ቀዳዳ ያመጣል። ከዚያ በሹል እርሳስ የመሐል መስመር በላይኛው ፊት ላይ ጀምረው በአንገቱ ፊት በኩል ወደ ታች ያውርዱ። በዚህ አንድ መስመር ላይ፣ ከላይ ከአንገቱ ፊት 63 ሚሜ ገብቶ የጉድጓዱ መሐል፣ በአንገቱ ፊት ላይ ደግሞ ከላይ 36 ሚሜ ወርዶ የመተላለፊያው መሐል ምልክት ይደረጋል።

መጀመሪያ ጉድጓዱ ይበሳል። ለወለሉ የሚሆነውን ፑንታ (በትራፓኖው ላይ የሚታሰር መብሻ ብረት) ራስዎ ያዘጋጃሉ፤ 20 ሚሜ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ የእንጨት ፑንታ ጫፉ በሞላ ተሞርዶ 10 ሚሜ ሬዲየስ ያለው ግማሽ ክብ ይደረጋል። ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለበት፤ የሚቆርጡት ጠርዞችም ከኋላቸው ትንሽ ዘንበል ብለው መሞረድ አለባቸው፣ አለበለዚያ እንጨቱን ይፈጫሉ እንጂ አይቆርጡም። ይህ ፑንታ መሪ ጫፍ ስለሌለው ብቻውን ቢጀመር ይንከራተታል። ስለዚህ አስቀድመው 18 ሚሜ በሆነ ጠፍጣፋ ወለል በሚያወጣ ፑንታ እስከ 26 ሚሜ ይብሱ፤ ክብ ጫፍ ያለው በተከፈተለት መንገድ ገብቶ ስፋቱንም ወለሉንም ይጨርሳል። ትራፓኖውን በዝቅተኛ ፍጥነት ያሂዱት፣ በየ5 ሚሜው እያወጡም ብናኙን ያራግፉ። ሽታው ወደ ማረር ከሄደ ፑንታው ደንዟል ማለት ነው። የትራፓኖው መቆሚያ በትክክል 38 ሚሜ ላይ መታሰሩን ሁለት ጊዜ ይለኩ።

ቀጥሎ እንጨቱ በአንገቱ ፊት ወደ ላይ ዞሮ በሞርሳ ይቆማል። ስኳድራውን ከትራፓኖው ጠረጴዛ ላይ አቁመው ጎኑም ጀርባውም ቀጥ ማለታቸውን ካረጋገጡ በኋላ በ8 ሚሜ ፑንታ 20 ሚሜ ጥልቀት ይብሱ። የፑንታው ጫፍ በማስገቢያው ወለል ላይ የሚተወው ትንሽ ሾጣጣ ጉድጓድ ለቀጣዩ ሥራ ራሱ መሪ ነው፤ ሞርሳውን ሳይነኩ ፑንታውን ብቻ ወደ 4 ሚሜ ይቀይሩ። ተራው ፑንታ እዚህ አይደርስም፤ 120 ሚሜ ያህል ርዝመት ያለው ያስፈልጋል። ረጅምና ቀጭን ፑንታ ጠንካራ ቃጫ ሲያገኝ ወደ ለስላሳው ስለሚያመልጥ ሳይጫኑ፣ በየ3 ሚሜው እያወጡና እያጸዱ በትዕግሥት ይሂዱ። ከአንገቱ ፊት 63 ሚሜ ላይ፣ ማለትም በጉድጓዱ መሐል ይቆማል። በሥራው ሁሉ ልብ ከፍ ዝቅ የሚልበት ይህ ቅጽበት ነው፤ ፑንታው ወደ ጉድጓዱ ሲወጣ በባትሪ ከላይ ቢያዩ ቀዳዳው በወለሉ መሐል፣ ግራም ቀኝም ሳይል መታየት አለበት። እስከ 1 ሚሜ ያለውን መሳት በብርጭቆ ወረቀት በተጠቀለለ ክብ እንጨት ወለሉን በመፈተግ ማቃናት ይቻላል፤ ከዚያ ያለፈውን ግን በሌላ እንጨት እንደገና መጀመር ይሻላል፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚፈሰው ላብ ሁሉ በተበላሸ ነገር ላይ ነው።

መምጠጫው

መምጠጫ ከሁለት ነገሮች በአንዱ ይሠራል። ኤቦናይት በድኝ የጠነከረ ጎማ ሲሆን ለጥርስ ለስላሳ ነው፤ ነገር ግን ፀሐይ ላይ ከዋለ በውስጡ ያለው ድኝ ወደ ላይ ወጥቶ አረንጓዴ ቡናማ ያደርገዋል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። አክሪሊክ ቀለሙን አይለቅም፣ ለጥርስ ግን ይጠነክራል፤ ለመሞረድም እምቢተኛ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ኤቦናይት እመክራለሁ። ተቀርጾ የተዘጋጀ መምጠጫ ገዝቶ ማስማማትም አያሳፍርም፤ ትልልቅ ፋብሪካዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ።

ከዘንግ ለሚሠራ ሰው 18 ሚሜ ውፍረትና 80 ሚሜ ርዝመት ያለው ኤቦናይት ይበቃል። አንዱ ጫፉ እንደ አንገቱ ፊት በመስታወት ላይ ተፈትጎ ይስተካከላል፤ በመሐሉም 8 ሚሜ ስፋትና 10 ሚሜ ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ይበሳል። ከዚያ 4 ሚሜው ፑንታ ይቀጥልና ከሌላው ጫፍ 20 ሚሜ ሲቀረው ይቆማል፤ ቀሪው በ1.5 ሚሜ ፑንታ ከአፍ በኩል ይበሳል። ምላሱ የሚሠራው 8 ሚሜ ውፍረት ካለውና በመሐሉ 4 ሚሜ ከተበሳ ዴልሪን ዘንግ ነው፤ ይህ ፕላስቲክ አይሰበርም፣ በእርጥበትም አያብጥም። ርዝመቱ 29.5 ሚሜ ይሁን፤ 10 ሚሜው በመምጠጫው ውስጥ ይቀበራል፣ የቀረው 19.5 ሚሜ ወደ አንገቱ ይገባል፤ ማስገቢያው 20 ሚሜ ስለሆነ ግማሽ ሚሊሜትር ክፍተት ይተርፋል፣ እንጨቱ ቢኮማተር መምጠጫው ከአንገቱ እንዳይላቀቅ የሚያደርገውም ይኸው ክፍተት ነው። ዴልሪን ኮላ አይይዘውምና የሚቀበረውን ክፍል በመጋዝ ዙሪያውን ሦስት አራት ቦታ ጨረፍ አድርገው በኢፖክሲ ይለጥፉ። ከመድረቁ በፊት 4 ሚሜው መንገድ ክፍት መሆኑን በሰም በተቀባ ሽቦ ያረጋግጡ። ምላሱ ወደ አንገቱ ሲገባ በጠነከረ ግን በማያስጨንቅ የእጅ ግፊት ይሁን፤ ከጠበቀ በ600 ቁጥር ወረቀት ዙሪያውን ትንሽ ትንሽ ይፈትጉት እንጂ እንጨቱን አያስፉ። የምላሱ ጫፍ ውስጠኛ ጠርዝም ትንሽ ሾጠጥ ይደረግ፤ ስለታም ጠርዝ ጭሱን ስለሚያናውጠው በዚያ ቦታ ውሃ ይቋጠራል።

የአፍ በኩሉ ቀዳዳ የሂሳብ ጉዳይ ነው። 4 ሚሜ ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ 12.6 ካሬ ሚሜ ያህል ይከፈታል። መምጠጫው ወደ ጥርስ ሲሳሳ ይህ ስፋት እንዳይታነቅ ክቡ ቀዳዳ ወደ ጎን እየተዘረጋ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ 1.5 ሚሜ ከፍታና 8.5 ሚሜ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ቀዳዳ 12.75 ካሬ ሚሜ ስለሚሰጥ ልክ ነው። በቀጭን መርፌ ሞረድና በጠባብ የመጋዝ ምላጭ ከአፉ ወደ ውስጥ እየጠበበ እንደ ማራገቢያ እስከ 4 ሚሜው ቀዳዳ ድረስ ይዘርጉት። ብዙ ርካሽ ፒፓዎች የሚያፏጩትና የሚረጥቡት እዚህ ቦታ ስለታነቁ ነው። ከውጭ ደግሞ መምጠጫው ጥርስ ከሚነክስበት ቦታ ላይ 4 ሚሜ እስኪሆን ድረስ ይሳሳል፤ ከላይና ከታች 1.25 ሚሜ ግድግዳ ይቀራል ማለት ነው። ጫፉ ላይ ጥርስ የሚያርፍበት ዝቅተኛ ጠርዝ ይተዉ።

ቅርጹን ማውጣት

መምጠጫውን ሰክተው ንድፉን በእንጨቱ በሁለቱም ጎኖች ይሳሉ፤ ከመስመሩ 2 ሚሜ ርቀውም በመጋዝ ትርፉን ያስወግዱ። ከዚያ በራስፓ አራቱን ማዕዘኖች ሰብሮ ስምንት ማዕዘን፣ ስምንቱን ሰብሮ አሥራ ስድስት ማድረግ ክብን በእጅ ለማውጣት አስተማማኙ መንገድ ነው፤ በዓይን ግምት ወዲያው ለማክበብ የሚሞክር ሰው በአንድ በኩል የከሳ ራስ ያወጣል። በየጊዜው የግድግዳውን ውፍረት ከጉድጓዱ ጠርዝ እስከ ውጭ በአራት አቅጣጫ በካሊፐር ይለኩ። ራሱ ከሆዱ ወደ አፉ በጣም ቀስ ብሎ ይጥበብ፤ የቢሊያርድ ውበት ያለው በዚህ በማይታወቅ መጥበብ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው አንገቱ ከራሱ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ነው። እዚያ ራስፓ አይገባም፤ ግማሽ ክብ ሞረድና በጣት የተጠቀለለ ወረቀት ብቻ ነው የሚደርሰው። መስመሩ ከአንገቱ ላይኛ ገጽ ተነሥቶ ወደ ራሱ ሲወጣ ጥርት ያለ ማጠፊያ ሊኖረው ይገባል፤ ጀማሪዎች ግን ወረቀቱ ስለሚያንሸራትታቸው ሰፊ ሸለቆ ያወጡበታል፣ በዚህም ፒፓው የቀለጠ ይመስላል። አንገቱና መምጠጫው የሚገናኙበትን ቦታ ደግሞ ሁልጊዜ ተሰክተው ሳሉ አብረው ይሞርዷቸው። መምጠጫውን አውጥቶ አንገቱን ብቻ የሚፈትግ ሰው የፊቱን ጠርዝ ያከበዋል፤ ሲሰካም በመገጣጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ክር የመሰለ ክፍተት ይታያል፣ ያንን ለማጥፋትም ሁለቱንም እንደገና ከማሳጠር በቀር መድኃኒት የለውም።

በዚህ ደረጃ የአሸዋ ቀዳዳዎች ይገለጣሉ። ጥቂትና ደቃቅ ከሆኑ ይተዋቸው፤ የእንጨቱ ናቸው። ትልልቅ ከሆኑ አንዳንዱ በሙጫና በብናኝ ይደፍናቸዋል፤ እኔ ይህን አልወደውም፣ ድፍኑ ቀለም ስለማይጠጣ ሁልጊዜ ያስታውቃልና። የሚሻለው ገጹን በሞላ በትንንሽ መቅረጫ እየጫሩ ሻካራ ማድረግ ነው። እንግሊዛዊው የፒፓ ነጋዴ አልፍሬድ ደንሂል እ.ኤ.አ. በ1917 በአሸዋ ግፊት የተፋቀ ፒፓን የባለቤትነት መብት ሲያስመዘግብ ለስላሳውን የእንጨት ክፍል አራግፎ ጠንካራዎቹን ቀለበቶች አጉልቶ የሚያሳይ ገጽ አወጣ፤ ያ ገጽ ዛሬ ለራሱ የሚፈለግ ሆኗል።

ማለስለስ፣ ቀለምና ሰም

ከ120 ጀምሮ በ220፣ 320፣ 400 እና 600 ይቀጥሉ። ቁጥር መዝለል ጊዜ የቆጠበ ይመስላል፤ 220ን የዘለለ ሰው ግን የ120ው ጭረት ቀለም ሲቀባ ተሰብስቦ ይወጣበታል። ከ400 በኋላ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሰው ያድርቁ፤ የተጋደሙት ቃጫዎች ይነሣሉ፣ እነርሱን እንደገና በ400 ያስተኟቸው። መምጠጫው በውሃ እየራሰ እስከ 2000 ይሄዳል።

ቀለሙ በአልኮል የሚሟሟ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ስለሚጠልቅ አይላጥም። ጉድጓዱንና ማስገቢያውን በቡሽ ከዘጉ በኋላ ጥቁር ቡናማ ቀለም ይቀቡና ያድርቁት። ከዚያ በ400 ወረቀት ሲፈትጉት ከጠንካራው ቃጫ ላይ ይለቃል፣ በለስላሳው ውስጥ ይቀራል፤ መስመሮቹ እንደተሳሉ ሆነው ይወጣሉ። በዚህ ላይ ቀላ ያለ ቀጭን ቀለም ሲደረብ የጥቁሩና የቀዩ ልዩነት ቃጫውን ያጎላዋል። ቨርኒሽ አይቀቡ፤ ፒፓ ሲሞቅ ያብጣል፣ ይላጣልም።

ሰሙ ከብራዚል ዘንባባ የሚገኘው ካርናውባ ነው። የእኛ የንብ ሰም በብዛት ቢገኝም ብቻውን ለዚህ አይሆንም፤ እርሱ 63 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲቀልጥ ካርናውባ ግን እስከ 83 ዲግሪ ያህል ስለሚችል በሞቀ ፒፓ ላይ አይንጠባጠብም። በመጀመሪያ ቡናማ ማወልወያ ቅባት በተቀባ ጨርቅ፣ ከዚያ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ በነጩ፣ በመጨረሻም በካርናውባ ይወልወላል። መምጠጫው ተሰክቶ፣ ፒፓው በማወልወያው የታችኛው ግማሽ ላይ ተይዞ ይሁን፤ ጨርቁ የራሱን አፍ ከላይ ከያዘው ከእጅ ነጥቆ ወለል ላይ ይወረውረዋል። ሰምም ሆነ ቀለም ወደ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

ጉድጓዱ ባዶውን ቢተውም ይሠራል። የመጀመሪያዎቹ ማጨሻዎች እንጨቱን እንዳይለበልቡት መከላከል የሚፈልግ ሰው ግን ደቃቅ የአክቲቭ ከሰል ዱቄት ከጥቂት እርጎ ጋር ለውሶ በጣቱ በጣም በስሱ መቀባትና ሁለት ቀን ማድረቅ ይችላል፤ የጭሱ ቀዳዳ እንዳይደፈን በዚያ ጊዜ ሽቦ ገብቶበት ይቆይ።

ከሁሉ በፊት ግን ፒፓው ባዶውን ይፈተን። በጨርቅ የተጠቀለለ የፒፓ ማጽጃ ሽቦ ከመምጠጫው አፍ ሲገባ ሳይደናቀፍ እስከ ጉድጓዱ ወለል መድረስ አለበት፤ ከተያዘ ምላሱ ወይም መተላለፊያው ተዛንፏል። በአፍ ሲሳብ አየሩ ያለ ፉጨት ሊያልፍ ይገባል። ፉጨት ከሰሙ ሽቦውን አስገብተው ድምፁ የሚለወጥበትን ቦታ ይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ጠፍጣፋው ቀዳዳ ከክቡ ጋር በሚገናኝበት ላይ ነው፣ በመርፌ ሞረድ ጥቂት ማስፋትም ይበቃዋል። ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ጉድጓዱን እስከ ሲሶው ብቻ ይሙሉ፣ በዝግታም ያጭሱ። ፒፓው ገና ትኩስ ሳለ መምጠጫውን አይንቀሉት፤ የሞቀና የራሰ አንገት ምላሱ ሲጠመዘዝ ይሰነጠቃል። ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ ወደ አንድ አቅጣጫ ቀስ አድርገው እያዞሩ ያውጡት፣ ማስገቢያውንም በደረቅ ወረቀት ይጥረጉ።